ሹሙ ሲቀየር መዝገቡ ለማን ይቀራል?

ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማስፈጸም ሌላ። ይሄን ድሬዳዋ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ብዙ ስለማይወራለት ሦስተኛ ነገር ነው። ፍርዱን እያስፈጸመ የነበረው ሰው መሃል ላይ ሲለቅ ምን ይሆናል? ሲዛወር፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ሲታመም፣ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሲሄድ። ንብረቱ ተይዟል፣ ግን አልተሸጠም። ወይ ተሽጧል፣ ግን ብሩ ለባለመብቱ አልደረሰም። ወይ ቤቱ እንዲለቀቅ ታዟል፣ ግን ቁልፉን የተረከበ የለም። ሰውዬው እዚህ መሃል ላይ ወንበሩን ትቶ ይሄዳል። ሥራውስ?

እኔ ጠበቃ ነኝ። ሰው ጠበቃ ሲባል ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከር ይመስለዋል፤ እኔ ግን ብዙ ሰዓቴ የሚያልቀው በአፈጻጸም መዝገብ ነው። ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ጅምር የሕግ ሥራ የሰውዬው ሳይሆን የወንበሩ ነው። ወንበሩን የሚለቅ ሰው እያንዳንዱን ጅምር ሥራ አንድ በአንድ ጽፎ፣ ፈርሞ ማስረከብ አለበት። የሚመጣውም ፈርሞ መረከብ አለበት። ባለጉዳዩም ማን እንደተረከበለት ሊነገረው ይገባል። ይሄ ደግነት አይደለም፣ የፍርዱ አካል ነው።

አንዲት እናት አሉ፣ እዚህ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ለአንድ የቆየ ደንበኛቸው በዱቤ እቃ ሰጡ፣ ሰውዬው አልከፈለም፣ ከሰሱ፣ ተፈረደላቸው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትን። የተመደበው ሠራተኛ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ወጥቶ የባለዕዳውን ባጃጅ አገኘ፣ አስከበረ፣ መዘገበ፣ አንድ ግቢ አስገብቶ አስቆለፈ። የሐራጅ ቀን ሊቆረጥ ነው ስንል ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ሰው አልነበረውም። አዲሱ ሲመጣ መዝገቡን ገለጠ። ንብረቱ ተከብሯል ይላል፣ በቃ። ባጃጁ የት ነው የቆመው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የጥበቃውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? የመጀመሪያውን ግምት ማን ሠራው? የባለዕዳው ወንድም "ባጃጁ የኔ ነው" ብሎ በቃል ያቀረበው ነገርስ ምን ላይ ደረሰ? አንዱም አልተጻፈም። ሁሉም ያለው በሄደው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አዲሱ ሠራተኛ ምን ያድርግ? በዓይኑ ያላየውን ንብረት ለመሸጥ ፈራ፤ በመፍራቱ አልፈርድበትም። ሐራጅ ተሽጦ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከሥር ጀመረ። እንደገና ፍለጋ፣ እንደገና ምዝገባ፣ እንደገና ግምት። ባጃጁ እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ላይ ነው። የድሬን ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ሸራው ይቀደዳል፣ ባትሪው ይሞታል። ሁለተኛው ግምት ከመጀመሪያው በብዙ ወረደ። ይሄ ደግሞ እናትየዋን ብቻ አልጎዳም። ባለዕዳውም ተጎድቷል፣ ባጃጁ በረከሰ ቁጥር የሚቀርበት ዕዳ ይበዛል። አንድ ያልተጻፈ ገጽ ሁለቱንም ወገን አከሰረ።

እናትየዋ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው "ልጄ፣ ያ ልጅ ሲሄድ የኔን ጉዳይ ይዞት ነው እንዴ የሄደው?" አሉኝ። ነገሩን ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ክሊራንስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሥራ ስትለቅ ወረቀት ይሰጡሃል፤ በየክፍሉ እየዞርክ ታስፈርማለህ። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ የቅርብ አለቃህ ይፈርማል። በሞዴል 22 የወሰድከው ኮምፒውተር፣ ወንበር፣ ካልኩሌተር ይቆጠራል፤ ስትመልስ ሞዴል 19 ይቆረጥልሃል። አንድ ማህተም ቢጎድል የሥራ ልምድ ደብዳቤህ አይወጣም። ይሄ ጥሩ አሠራር ነው፣ የመንግሥት ንብረት የሕዝብ ነው። ግን ባየኋቸው የክሊራንስ ቅጾች ላይ ጅምር መዝገቦችህን ለማን አስረከብክ የሚል መስመር አላገኘሁም። የቅርብ አለቃ የሚፈርምበት ቦታ ያንን ይሸፍናል ይባል ይሆናል። አለቃው ግን አንድ መቶ መዝገብ ውስጥ የትኛው ባጃጅ የት ግቢ እንደቆመ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ለወንበር ፊርማ የሚጠይቅ አሠራር ካለን ለሰው ፍርድ ፊርማ መጠየቅ እንዴት ያቅተናል?

ይሄ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኝ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደፈቱት ሳነብ ሸሪፍ ላይ ደረስኩ። እኛ ሸሪፍን የምናውቀው በካውቦይ ፊልም ነው፣ ደረቱ ላይ ኮከብ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ። እውነተኛው ሸሪፍ ግን ከሽጉጡ ይልቅ ወረቀቱ ይበዛበታል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ካውንቲዎች (የክፍለ ግዛት የአስተዳደር ክፍሎች ናቸው) ሸሪፉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፣ በብዙ ቦታ ለ4 ዓመት። በብዙዎቹ የካውንቲውን እስር ቤት ይጠብቃል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳል፣ የባለዕዳ ንብረት ይይዛል፣ በሐራጅ ይሸጣል፣ ልቀቅ የተባለን ተከራይ ያስለቅቃል። እኛ ጋ ለፖሊስ፣ ለማረሚያ ቤትና ለፍርድ አፈጻጸም ክፍል የተከፋፈለው ሥራ እዚያ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይሄ ሰው ምርጫ ከተሸነፈ ወንበሩን ለተቀናቃኙ ለቆ ይሄዳል። አስቡት፣ አስረካቢና ተረካቢ እስከ ትናንት ድረስ ሲፎካከሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንደዚያም ሆኖ እስረኛው፣ ያልደረሰው መጥሪያ፣ ያልተሸጠው ንብረት፣ ሁሉም እጅ በእጅ መተላለፍ አለበት።

ሹመቱ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። እዚያ ደግሞ ሸሪፍ በየዓመቱ ይቀየራል። በየዓመቱ፣ በየካውንቲው ርክክብ አለ ማለት ነው። እንዲህ በተደጋጋሚ ሲያስረክቡ የኖሩ ሰዎች ነገሩን ሳያስቡበት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው የእንግሊዝ የሸሪፎች ሕግ ስለ ርክክብ የሚለውን ሳነብ በጣም ተደነቅኩ። ተሰናባቹ ሸሪፍ በእጁ ያሉትን እስረኞች በሙሉ፣ አስፈጽሞ ያልጨረሳቸውን የፍርድ ቤት ትእዛዞችም በሙሉ ዘርዝሮ በፊርማው ለሚተካው ይሰጣል። ዝርዝር ብቻ አይበቃም፤ ተረካቢው እያንዳንዱን ጉዳይ እንዲረዳ የሚያስፈልገውን ማብራሪያ ሁሉ ይጨምርበታል። ከዚያ እስረኞቹን፣ ትእዛዞቹን፣ መዝገቦቹንና መጻሕፍቱን ያስረክባል። ተረካቢው ደግሞ የዝርዝሩን ቅጂ ፈርሞ ለተሰናባቹ ይመልሳል። ያ የተፈረመ ቅጂ ለተሰናባቹ ነጻ መውጫው ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ላይ ላለው ነገር የሚጠየቀው አዲሱ ሹም ነው።

ማብራሪያ የሚለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። መዝገብ ብቻውን አይናገርም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ንብረት ክረምት ሳይገባ መነሳት እንዳለበት የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ባለዕዳው ከሰዓት በኋላ ካልሆነ ቤቱ እንደማይገኝ፣ የግቢው ባለቤት ሁለት ቁልፍ እንዳለው፣ ገማቹ ኢንጂን ቁጥሩን ሳያይ እንደፈረመ፣ እነዚህ ሁሉ ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም። ግን ሥራው የሚያልቀው ወይም የሚበላሸው በእነሱ ነው። የእንግሊዙ ሕግ ይሄን ገብቶት ነው ዝርዝር ብቻ አላለም፤ ዝርዝርና ማብራሪያ አለ።

በነገራችን ላይ እንግሊዝ ውስጥ ሸሪፍነት ዛሬ በአብዛኛው የክብር ሹመት ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዶችን የሚያስፈጽሙት ለዚሁ ሥራ የተሾሙ ሌሎች መኮንኖች ናቸው። አሜሪካ ግን የሸሪፉ ሥራ እንዳለ ነው።

ከሕጉ በፊት የነበረ አንድ አሮጌ ፍርድ ደግሞ አለ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የምነግራቸው። ዘመኑ 1597 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከተማው ለንደን። ያኔ ባለዕዳ በዕዳው ይታሰር ነበር። ለንደን በየዓመቱ ሁለት ሸሪፎች ነበሯት። አንድ እስረኛ በሁለት የተለያዩ ባለገንዘቦች ፍርድ ታስሯል፤ አንደኛው ባለገንዘብ ዌስትቢ ይባላል። ዓመቱ አልቆ ሸሪፎቹ ሲቀየሩ አሮጌዎቹ እስረኛውን በጽሑፍ አስረከቡ፣ ግን ወረቀቱ ላይ የጻፉት አንዱን ፍርድ ብቻ ነው። የዌስትቢን ረሱት። ዌስትቢ አሮጌዎቹን ሸሪፎች ከሰሰ፣ አሸነፈም። ፍርድ ቤቱ ያለው ይሄን ነው፦ አዲሶቹ ሸሪፎች ባልተነገራቸው ፍርድ ሊጠየቁ አይችሉም፤ ስለዚህ ከርክክቡ ቅጽበት ጀምሮ እስረኛው በዌስትቢ በኩል እንዳመለጠ ይቆጠራል፣ ተጠያቂዎቹም ሳይናገሩ ያስረከቡት ናቸው። ሰውዬው እስር ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ በሕግ ዓይን አመለጠ። ለምን? አንድ መስመር ስላልተጻፈ።

ይሄን ሳነብ የታይዋኗ እናት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ባጃጁ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ለእሳቸው ግን አምልጧል።

ከዚህ ውስጥ ትልቁ ነገር ለእኔ ቅጣቱ አይደለም። የአስረካቢው ጥቅም ነው። ብዙ ሠራተኞች ርክክብ ሲባል ተጨማሪ ሥራ ይመስላቸዋል፤ ልሄድ ስል ማን ሁለት ሳምንት ወረቀት ይሞላል ይላሉ። ግን የሚሄደውን ሰው የሚጠብቀው ያ ወረቀት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሐራጅ ብር ጠፋ ቢባል፣ አንድ ቲቪ ከመጋዘን ጎደለ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠራው ስሙ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ነው። ከሌላ ከተማ ተጠርቶ መጥቶ "እኔ ስሄድ ነበረ" ከማለት ውጪ ምን ይላል? በእጁ የተረካቢ ፊርማ ያለበት ዝርዝር ካለ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል። በተለይ ገንዘብ። ባለዕዳ በክፍል በክፍል እየከፈለ ከነበረ፣ የትኛው ብር በሞዴል 85 ደረሰኝ ገቢ ሆነ፣ የትኛው ለባለመብቱ ወጣ፣ የትኛው ቀረ፣ ከነደረሰኝ ቁጥሩ መጻፍ አለበት። አደራ በላ መባልን የሚያህል ከባድ ስም የለም፤ ንጹሕ ሰው ደግሞ ይሄን ስም በግዴለሽነት ሊሸከም አይገባም።

አሜሪካኖቹ ጋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነስቷል። የጀመረው ይጨርስ ወይስ የተተካው ይጨርስ? የድሮው ደንብ የጀመረው ይጨርስ ይላል። ሸሪፉ በሥልጣን ላይ እያለ ንብረት ከያዘ፣ ዘመኑ ቢያልቅም ያንን ንብረት ሸጦ ገንዘቡን ማስረከብ የእሱ ግዴታ ነው፤ አፈጻጸም አንድ ሙሉ ሥራ ነው፣ አይቆራረጥም። ያልጀመረው ትእዛዝ ግን ለአዲሱ ይተላለፋል። በኋላ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ይሄን በሕግ ቀይረው፣ የተጀመረውም ያልተጀመረውም ለተተኪው ይሂድ አሉ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ተጠያቂነትን ከአንድ ሰው ጋ ያስቀራል፣ ባለጉዳዩ ማንን እንደሚይዝ ያውቃል። ለእኛ ግን የሚሠራው ሁለተኛው ይመስለኛል። ከድሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የተመደበ ልጅ ተመልሶ መጥቶ ባጃጅ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ለተተኪው ይለፍ፣ ግን በዝርዝርና በማብራሪያ ይለፍ።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር አለ። አሮጌው ሸሪፍ መሬት በሐራጅ ሸጦ የባለቤትነት ሰነዱን ለገዢው ሳይፈርም ቢለቅ ወይም ቢሞት፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ተተኪው እንዲፈርምለት ሕጉ ይፈቅዳል። ይሄ እኛም ጋ ያለ ችግር ነው። በሐራጅ ቤት ገዝቶ፣ ሙሉ ብሩን ከፍሎ፣ የስም ማዛወሪያ ደብዳቤው ሳይጻፍለት ሠራተኛው የተቀየረበት ሰው አውቃለሁ። አዲሱ "እኔ አልሸጥኩትም" አለው። ትክክል ነው፣ እሱ አልሸጠውም። የሸጠው ግን ግለሰብ አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ሕግ የሚለውን እናምጣ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት ነው። ንብረት እንዲያዝ የሚያዘው ፍርድ ቤቱ ነው። ሠራተኛው የፍርድ ቤቱ እጅ ነው። እጁ ሲቀየር ትእዛዙ አይፈርስም፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ እስኪያነሳው ድረስ የተከበረ ንብረት እንደተከበረ ይቆያል። ስለዚህ ሠራተኛ ስለተቀየረ ብቻ ከዜሮ የሚጀመርበት ምክንያት የለም። የሚጎድለው መረጃ ብቻ ነው፣ መረጃውን የሚያመጣው ደግሞ ርክክብ ነው።

በሕጉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮችም በርክክብ መሃል የሚጠፉ ናቸው። ቁጥር 404 የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል፦ የቤተሰቡ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ እቃ፣ ሰውዬው የሚሠራበት የሙያ መሣሪያ፣ ለሦስት ወር የሚያስፈልግ ቀለብ። የመጀመሪያው ሠራተኛ የልብስ ስፌት ማሽኑን "ይሄ የሚበላበት ነው" ብሎ ትቶት ከሆነና ምክንያቱን ካልጻፈ፣ ሁለተኛው ሄዶ ሊይዘው ይችላል። ቁጥር 418 ደግሞ ንብረቱ የኔ ነው የሚል ሦስተኛ ወገን አቤቱታውን የሚያቀርብበት መንገድ ነው። ባጃጁ የኔ ነው ያለው የባለዕዳው ወንድም አቤቱታ በጽሑፍ ቀርቦ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ያውቀው ነበር። ከሁሉ በላይ ቁጥር 384 አለ። አፈጻጸም የሚጠየቀው ፍርዱ ከተሰጠ በ10 ዓመት ውስጥ ነው። 10 ዓመት ብዙ ይመስላል። ግን አንድ መዝገብ ሁለት ሦስት ሠራተኛ ከቀያየረ፣ በመሃል ከተዘጋ፣ እንደገና ማስከፈት ካስፈለገ፣ ይሄ ቁጥር የክርክር ምክንያት ሆኖ ሲመጣ ታዩታላችሁ። ለባለዕዳው ጠበቃ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ለባለመብቱ ግን ጥፋቱ የእሱ ባልሆነ ነገር መብቱን የማጣት አደጋ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የቀለብ ጉዳይ ነው። ባጃጅ አንዴ ይሸጣል፣ ያበቃል። የልጅ ቀለብ ግን በየወሩ ነው። አባትየው ከሚሠራበት ድርጅት ደሞዝ ላይ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ተጽፏል። ድርጅቱ አንድ ወር ዘለለ። እናት ለማን ትናገር? ድሮ የምትደውልለት ሰው ሄዷል። አዲሱ ስለ ጉዳዩ ሰምቶ አያውቅም፣ መዝገቡ "ተፈጽሟል" ከሚባሉት ጋ ተደርድሯል፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ወጥቷል። ደብዳቤ መውጣቱ ግን ቀለቡ ተከፈለ ማለት አይደለም። በየወሩ የሚቀጥል ግዴታ በርክክብ ዝርዝር ላይ ለብቻው መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ካልሆነ የሚራበው ሕፃን ነው።

እስረኛውስ? ሸሪፉ እስረኛ እንደሚያስረክብ ሁሉ እኛም ጋ የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ይቀየራል፣ ፈረቃ ይቀየራል፣ መርማሪ ይቀየራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር። ያ ሰዓት የሚቆጠረው ከተያዘበት ጊዜ ነው፣ አዲሱ ኃላፊ ከገባበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ርክክቡ ላይ "5 ሰው አለ" ማለት አይበቃም። ማን፣ መቼ ተያዘ፣ በምን ተጠረጠረ፣ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ዋስትና ተፈቅዶለት ከሆነ ምን ቀረው። የዌስትቢን ፍርድ የረሱት ሸሪፎች እስረኛውን አልረሱም፤ የረሱት ለምን እንደታሰረ ነው።

የድሬን የተለየ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የፍርድ ቤቱ ወረቀት በአማርኛ ነው። ባለጉዳዩ ግን ኦሮምኛ ነው የሚያወራው፣ ሶማልኛ ነው፣ ሐረሪ ነው። አብዛኛው የድሬ ልጅ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይናገራል፣ ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ ለባለጉዳዩ በራሱ ቋንቋ እያስረዳ ነው የሚሠራው፣ ይሄ የከተማችን ትልቅ ጸጋ ነው። ግን የትም አይጻፍም። ሶማልኛ የሚችለው ሄዶ የማይችል ሲተካ፣ ትናንት ሁሉም ነገር የገባቸው አዛውንት ዛሬ ምንም አይገባቸውም፤ ለሐራጁ ቀንም ሳይመጡ ይቀራሉ። በማብራሪያው ላይ "ባለመብቱ አማርኛ አይሰሙም፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል" የሚል አንድ መስመር ይሄን ያድናል።

ለአፈጻጸም ክፍል ኃላፊዎች የምለው ይሄ ነው። ርክክቡን ጠረጴዛ ላይ አትጨርሱት። አስረካቢና ተረካቢ አብረው መጋዘኑ ድረስ ይሂዱ፣ ግቢው ድረስ ይሂዱ፣ ንብረቱን በዓይን ይዩት፣ ቁልፉን እጅ በእጅ ይቀባበሉ። ተተኪው ካልመጣ አስረካቢው ለክፍሉ ኃላፊ ያስረክብ፤ ወንበር ባዶ ሲሆን መዝገብ ባለቤት አልባ አይሁን። የክሊራንስ ቅጹ ላይ ጅምር መዝገቦች የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ አንድ ሠራተኛ ስንት መዝገብ እንደሚይዝ በየቀኑ አያለሁ። ግን ለርክክብ የሚጠፋው ጊዜ ከሥር ለመጀመር ከሚጠፋው አይበልጥም።

ባለጉዳይ ከሆናችሁ ደግሞ አትጠብቁ። ንብረት የተያዘበት ዝርዝር ቅጂ ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። የተቀመጠበትን ቦታና የተረከበውን ሰው ስም ጻፉ፤ ከተፈቀደላችሁ ፎቶ አንሱ። ደረሰኝ አትጣሉ። መንገድ ላይ ወይም ሻይ ቤት "እከሌ ሊዛወር ነው" የሚል ወሬ ስትሰሙ በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ሂዱና አጭር አቤቱታ አስገቡ። የመዝገብ ቁጥራችሁን ጻፉ፣ የደረሰበትን ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፣ የተያዘውን ንብረትና ያለበትን ቦታ ጥቀሱ፣ ከዚያ መዝገቡን ማን እንደተረከበ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁና የተጀመረው ካለበት እንዲቀጥል ጠይቁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንደኛው ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመትታችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።